በሩ ላይ የቀረው እጅ

አንድ የቀበሌ ሊቀመንበር ፊልም እየተረጎምኩ ማይኩን ከእጄ ነጠቀኝ፤ ሲዲውን ከማጫወቻው አውጥቶ ኪሱ ከተተው፤ ሁለተኛ ጋምቤላ ውስጥ ሰው ፊት አፍህን እንዳትከፍት ብሎ ከለከለኝ። በደሉ ይኸው ነው። አላሳምረውም፣ አላከብደውም። ይህን የምጽፈው ዘንድሮ በኅዳር ያንን ሲዲ ፍለጋ ወደ ጎግ ስላደረግሁት ጉዞ ነው።

ለማያውቅ ልንገር። ስልክ ሁሉንም ሰው በየኪሱ ሲኒማ ሳያሲዘው በፊት ገበያው ጀርባ በቆርቆሮ የተመታ ቪዲዮ ቤት ነበረን። ፊልሙ በኮሪያ ቋንቋ ነው፤ ከታች የሚሮጠው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነው፤ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሰው አኙዋ ነው፣ ኑዌር ነው፣ እንደ እኔ ከደጋ የመጣ ነው። ስለዚህ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ሁለት ሰው ይቀመጣል። አንዱ እኔ ነኝ፤ በአማርኛ አወራለሁ። ሌላው ኦባንግ ነው፤ ያልኩትን ወደ አኙዋ ቋንቋ ያዞረዋል፣ ሴቶቹን በሙሉ በቀጭን ድምፅ ይጫወታል፣ ጦርነት ሲመጣ ባዶ ጀሪካን ይደበድባል። ኮሪያኛ አንችልም። እንግሊዝኛው ይቅርና እኔ ያን ጊዜ ሀን ከለ አልለይም ነበር። ፊታቸውን እያየን ነው የምናወራው። ተመልካቹም ያውቃል፤ ከፍሎ የሚገባው እኛ ምን እንደምንል ሊሰማ ነው።

የዚያን ጊዜው ፊልም የድሮ ዘመን ታሪክ ነበር። አንድ ከገበያ ገበያ እየዞረ በእንጨት አሻንጉሊት ሰው የሚያስቅ ተጫዋች አለ። ከአሻንጉሊቶቹ አንዱ ንጉሥ ነው፤ ሆዱ ከበሮ የሚያክል፣ ጢሙ እስከ እምብርቱ። ሰውዬው ንጉሡን ያስነጥሰዋል፣ እያንኮራፋ ያስተኛዋል፣ ገበያተኛው መሬት ላይ ይንከባለላል። ወሬው ቤተ መንግሥት ይገባል። ወታደሮች ይመጡና ሰውዬውን ትተው አሻንጉሊቱን ይወስዳሉ። ሰውዬው እንጨቱን ሊጠይቅ እስከ ዋናው ከተማ በእግሩ ይሄዳል።

አቶ ኦኬሎ፣ ሊቀመንበሩ፣ ስብሰባ ላይ አንድ ነገር ይወድ ነበር። ውሃ ጠፋ ስትለው፣ ሌባ በዛ ስትለው፣ አገጩን ደረቱ ውስጥ ቀብሮ «ይሄ በሂደት ይታያል» ይላል። እኔ ደግሞ ፊልሙ ላይ ገበሬ እውነተኛው ንጉሥ እግር ስር ወድቆ ሲያለቅስ፣ ንጉሡ አፉን ሲከፍት፣ በአቶ ኦኬሎ ጉሮሮ «ይሄ በሂደት ይታያል» አልኩ። ቆርቆሮው ሊነቀል ደረሰ። ኦባንግ በአኙዋ ሲደግመው የበለጠ ሳቁ።

በሚቀጥለው ትዕይንት አቶ ኦኬሎ ሁለት ሚሊሻ አስከትሎ ገባ። ተጫዋቹ የቤተ መንግሥቱ በር ደርሷል። ሊያንኳኳ እጁን አንስቷል። ቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ሆነ።

እጁ እንደተነሳ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ጆንያ ተሸክሜ ኖርኩ። ያን ቀን አውራ ጣቴን ቀለም ነክረው ያስፈረሙኝን የክልከላ ወረቀት ማንበብ ስላልቻልኩ ተናድጄ፣ ጢሜ ሸብቶ የማታ ትምህርት ገባሁ፤ ይህን የምጽፈው በዚያ ቂም ነው። ኦባንግ ባሮ ዳር ወርዶ መረብ ይጠግናል። በተገናኘን ቁጥር ሰላምታው አንድ ናት።

«ሰይዶ፣ በሩ ተከፈተ?»

«ገና ነው» እለዋለሁ።

ወጣቶች በስልክ ፈልገውልኛል። ግን ርዕሱን ማን ያውቃል? ሲዲው ላይ የነበረው የኮሪያ ጽሑፍ ነው። ጢም፣ ዙፋንና ትልቅ በር ያለበት የኮሪያ ፊልም ደግሞ እንደ ባሮ ዓሣ ነው፤ መረብህን በጣልክ ቁጥር ሌላ ይይዝልሃል። ብዙ በር ሲከፈት አየሁ። የእኔ በር አልነበረም።

ዘንድሮ ኦባንግ መረቡን በጣቱ እየዳሰሰ «አሁን ጥላም አይታየኝ» አለኝ። ዓይኑ ሲደክም ቆይቷል። «ቢከፈትም አንተ ነህ የምትነግረኝ። ቶሎ በል፣ ሰይዶ። እየናፈቅሁ ልሙት እንዴ?»

አቶ ኦኬሎ ጡረታ ወጥቶ አገሩ ጎግ ማሽላ ያርሳል ብለውኝ ነበር። ተነሳሁ።

ከጋምቤላ መውጣት

መናኸሪያ የደረስኩት ጠዋት ነው። የአቦቦ ሚኒባስ ሁለት መቶ ብር አለኝ፤ ሌላውን ሰው መቶ ሰማንያ ሲለው በጆሮዬ ሰማሁ። ለምን ስለው ረዳቱ «አንተ እግርህ ረጅም ነው» አለ። ሙግት አልወድም፤ መቶ ሰማንያ ሰጥቼው ገባሁ።

መኪናው እስኪሞላ ላባችን ከወንበሩ ጋር አጣበቀን። አጠገቤ ልብስ ወደ ጎግ የሚወስድ ነጋዴ ተቀምጧል፤ አባቱ ከጅማ መጥተው ጋምቤላ ሱቅ የከፈቱ፣ እሱ እዚሁ የተወለደ። ልቤ ላይ ያለውን ነገርኩት። ሲዲ ልጠይቅ እየሄድኩ ነው አልኩት።

«ሲዲ? በዚህ ጊዜ? ወርቅ የተለበጠ ነው እንዴ?»

«ፊልም ያለበት።»

«ወላሂ፣ አንተ ሰውዬ ሥራ የለህም» አለና ከረጢቱን ጉልበቱ ላይ አስተካክሎ እንቅልፉን ቀጠለ።

ኬላው ላይ ውረዱ ተባልን። ፈታሹ ቦርሳዬን ከፈተ፤ አንድ ሸሚዝ፣ አንድ ደብተር፣ ጥሩ አድርጎ የተጠቀለለ ዳቦ።

«የት ነው?»

«ጎግ።»

«ለምን ጉዳይ?»

ውሸት አልችልበትም። «የፊልም መጨረሻ ልጠይቅ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «የምን ፊልም?»

«የኮሪያ።»

«ንጉሥ ያለበት?»

«ያለበት።»

«እሱን ብታገኘው ሰላም በልልኝ! እኔ ቤት ራት የሚቀርበው ቴሌቪዥኑ ላይ እሱ ሲተኛ ነው። ሚስቴ ለእሱ ታለቅሳለች፣ እኔ ወባ ይዞኝ ስንቀጠቀጥ አላለቀሰችም።» ቦርሳዬን ወረወረልኝ። «ሂድ ግባ።»

ሚኒባሱ ውስጥ ሳቁ። ነጋዴውም ዓይኑን ሳይከፍት ሳቀ። ብዙ ሰው አንድ ላይ ሲስቅ ከሰማሁ ቆይቶ ነበር። አሁን ሰው የሚስቀው ለብቻው፣ ጆሮው ላይ ገመድ ሰክቶ ነው። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። ሣሩ ከመኪናው ይረዝማል። አንዳንድ ቦታ አቃጥለውት መሬቱ ጥቁር ነው፤ ከጥቁሩ ውስጥ ዘንባባው ብቻውን ቆሟል።

አቦቦ

አቦቦ ያደግሁበት ነው። ከወሎ በሠፈራ ሲያመጡን ልጅ ነበርኩ። አባቴ እስኪሞት ድረስ ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሮ ነበር የሚቀመጠው። እኔ ወሎን አላስታውሰውም። እኔን የሚያባንነኝ ያ የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ሙቀቱ፣ የሰው ላቡ፣ መብራት ሲጠፋ በአንድ ድምፅ «ኧረረረ!» የሚባለው፣ ኦባንግ ጨለማው ውስጥ በሴት ድምፅ «እኔን ማን ነካኝ?» ሲል የሚፈነዳው ሳቅ። ለአባቴ ናፍቆት አገር ተሰጠው፤ ለእኔ ቪዲዮ ቤት።

ከአልዌሮ ግድብ የመጣ ዓሣ ጠብሰው የሚሸጡ እናት ጋ ተቀመጥኩ። ሁለት መቶ ሃምሳ ብር፤ ከሚጥሚጣ ጋር። ዓሣው ጥሩ ነበር፤ ሚጥሚጣው ስድብ ነው። ድምፄን ሰምተው ዞር አሉ።

«አንተ... ማይኩ አይደለህም እንዴ? ጋምቤላ ለሕክምና ስሄድ ልጄ አስገብታኛለች፤ ንጉሡ «በሂደት» ያለ ቀን!»

«ነኝ።»

«ታዲያ ሰውዬው ዕቃውን አገኘ?»

እኚህም ሴት በሩ ላይ ቆመው ቀርተዋል። እኔና ኦባንግ ብቻ መስሎኝ ነበር።

«ያንን ልጠይቅ ነው የምሄደው፣ እማማ።»

ዋጋውን ወደ ሁለት መቶ ዝቅ አደረጉልኝ። «ስትመለስ በዚህ እለፍ» አሉኝ።

ወደ ጎግ

ከአቦቦ በኋላ ያለውን መንገድ በሞተር ነው ያለፍኩት። ክረምቱ ያበሰበሰው ጭቃ ደርቆ የጎማ ጥርስ አውጥቷል፤ ያን ላይ ስትሄድ መንጋጋህ ለብቻው ይናገራል። ባለሞተሩ ብዙ ጊዜ «ወንድሜ፣ ያዘኝ እንጂ አትቀፈኝ» አለኝ። ጎግ ስንገባ ፀሐይ ዘንበል ብላለች፤ እኔ ራስ ላይ አቧራ እንጂ ፀጉር አይታይም።

የአቶ ኦኬሎ ግቢ እንደ አኙዋ ደንብ የተጠረገ ነው፤ ሣር ክዳን ቤቶቹ ዝቅ ያሉ፣ ግድግዳቸው በጣት ተስሎ የተለሰነ። ሚስቱ አሪየት ውሃ ሰጠችኝ። ረዥም ሴት ናት፣ ዓይኗ አይላወስም። ማን እንደሆንኩና ለምን እንደመጣሁ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳት።

«እሱ ማሽላ ውስጥ ነው» አለች። «ወፍ ይሰድባል።»

ማሽላው ውስጥ

እሱን ከማየቴ በፊት ድምፁን ሰማሁት። «ሁዬ! ሁዬ!» ይላል። ማማው ላይ ቆሞ፣ ጭራሮ የመሰለ ክንዱን እያወናጨፈ። ያ እኔን አፍህን ዝጋ ያለ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲጮኽ ይውላል፤ የሚሰማው ደግሞ ወፍ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም።

ማሽላው መሃል ግራና ቀኝ ክር ተወጥሯል። ክሩ ላይ ሲዲዎች ተንጠልጥለዋል። ነፋስ ሲነካቸው ፀሐይን እየቆረጡ ወፍ ዓይን ውስጥ ይወረውራሉ። ይህን ዘዴ ባሮ ዳርም አውቀዋለሁ።

«ማነህ?» አለ ከላይ።

«ሰይድ። ማይኩ።»

ወረደ። ቀስ ብሎ፣ ጉልበቱን ይዞ። አንቱ አላልኩትም፤ አንቱታዬን ያኔ ከማይኩ ጋር ወስዶታል።

«ወፍረሃል» አለ።

«አንተ ከስተሃል።»

«ምን ፈለግህ?»

«ሲዲዬን።»

በአገጩ ወደ ክሩ አመለከተኝ። «ያውልህ። ሥራ ላይ ነው።»

ሦስተኛው ነበር። ቀይ የነበረው የኮሪያ ፊደል ፀሐይ በልታው ነጭ ሊሆን ምንም አልቀረው። ፈትቼ ገለበጥኩት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተቧጭሯል። ፊቴን አየሁበት፤ ከዚህ በኋላ ሌላ ነገር የሚያሳይ አይደለም። መሬት ቁጭ አልኩ። ከጋምቤላ እስከዚያ ድረስ የያዝኩት ተስፋ በሙሉ ወፍ ማባረሪያ ሆኖ ኖሯል።

«ማይኬስ?» አልኩት።

«ለመዘምራን ሰጠሁት።»

«የቀማኸውን ነው ለእግዚአብሔር የሰጠኸው?»

«ጥሩ ነው የሚሰራው» አለ። «በየእሁዱ እሰማዋለሁ።»

እኔ እስላም ነኝ፤ ከመዘምራን ማይክ አልቀማም። ተውኩት።

አጠገቤ ቁጭ አለ። ወፎቹ ወዲያው ወረዱ፤ አላባረራቸውም።

«እስከ መጨረሻው አይተኸዋል?» አልኩት።

«ብዙ ጊዜ። ጄነሬተር እያስነሳሁ።»

«ለምን?»

«ንጉሡ እኔን ይመስል እንደሆነ ላይ።»

«ይመስላል?»

«አይመስልም» አለ። «አንተ ስትናገርለት ብቻ ነው የሚመስለኝ። ዝም ስትል ኮሪያዊ ነው።»

ልብ ብዬ አየሁት። የቀልድ ፊት አልነበረም።

«በሩ ተከፈተ?»

«ተከፈተ።»

እሱ ሊቀጥል አፉን ሲከፍት ግን እጄን ጣልኩበት። «ተው! እዚህ አትንገረኝ። ኦባንግ ዓይኑ ጠፍቷል። እየሰማ ትነግረናለህ፤ ቪዲዮ ቤቱ የነበረበት ቦታ፣ ሰው ፊት። ሌላ ካሳ አልፈልግም።»

«እኔ? ገበያ ቆሜ ላጫውት? እንደ...» አገጩ ደረቱ ውስጥ ገባ። «ይሄ በሂደት ይታያል።»

ከኋላችን ሳቅ ሰማን። አሪየት ነበረች፤ ወፎቹ ዝም ስላላሉ መጥታለች። የሳቀችው እኔ ላይ አልነበረም።

ማዕዱ ላይ

ከበቆሎ ገንፎ ጋር ዓሣ አቀረበችልን፤ አብረን በላን። እኔ በቁጣ አልበላም ብዬ ነበር፤ ርሃቤ አሳፈረኝ። አሪየት አብልታን ስትጨርስ መናገር ጀመረች፤ እኔ እንድሰማ በአማርኛ።

«አባቴ የሚያወራው አለ» አለች። «ድሮ ኳሮ ሲሰስት፣ ሰው ሲንቅ፣ መንደሩ ይነሳበታል። ከበሮውን ይወስድበታል። ከበሮ ከሌለው ኳሮ አይደለም። ሰው ነው፤ እንደ ሁላችን።» ኳሮ የአኙዋ የመንደር አለቃ ነው፤ ፊቱ የሚያልፍ ሰው ጎንበስ ብሎ ነው የሚያልፈው።

«ይህን አውቃለሁ» አለ አቶ ኦኬሎ።

«ታውቃለህ? ከበሮ ከላይ ካለው ነው የሚወሰደው። አንተ ከታች ካለው ወሰድክ። ይህን ማን አስተማረህ?»

«መንግሥት ነዋ!»

«መንግሥት ጡረታ አውጥቶሃል» አለች። «አሁን ሰው ነህ። ሂድና ንገራቸው።»

ገንፎው ላይ እጁ እንደተዘረጋ ቆየ። ብዙ ዓመት አንድ የተነሳ እጅ በልቤ ይዤ ኖሬ ስለነበር ያንን እጅ ማየት ከበደኝ።

«ቅዳሜ ገበያ ነው» አለ በመጨረሻ። «ወፉን አንቺ ጠብቂ።»

መልስ

በማግስቱ አብረን ተመለስን። አቦቦ ላይ ዓሣ ጠባሿ እናት አቶ ኦኬሎን አይተው «እኚህ ደግሞ ማናቸው?» አሉ። «ንጉሡ ናቸው» አልኳቸው። እሱ አልተቆጣም፤ የሦስታችንንም ዓሣ ከፈለ። ሦስታችንን ያልኩት እማማ ገበያቸውን ዘግተው ተከትለውን ስለሄዱ ነው። ኬላው ላይ ያው ፈታሽ ነበር። «አገኘኸው?» አለኝ። በጣቴ አሳየሁት። ፈታሹ በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ አቶ ኦኬሎን ከላይ እስከ ታች መረመረና «ለሚስቴ አልነግራትም» አለ።

ቪዲዮ ቤቱ የነበረበት ቦታ አሁን ስልክ ይጠገናል፤ ፊት ለፊቱ የጭማቂ ቤት አለ። ቅዳሜ ከሰዓት ወሬው ቀድሞን ደርሶ ነበር። ያኔ አግዳሚ ላይ እግራቸው መሬት የማይደርስ የነበሩት ዛሬ ልጅ አዝለው መጥተዋል። ኦባንግን እጁን ይዤ አመጣሁት። ወንበር ሲሰጡት እምቢ አለ፤ ባዶ ጀሪካኑን አስመጥቶ እሱ ላይ ተቀመጠ።

አቶ ኦኬሎ መሃል ቆመ። እጁን የት እንደሚያደርግ አላወቀም። «በሩ ተከፈተ» ብሎ ጀመረ። ኦባንግ ራሱን ዝቅ አደረገ።

«ተጫዋቹ ገባ። ንጉሡ ፊት ቆመ። «እንጨቴን ስጠኝ» አለው። ንጉሡ ግን አቃጥሎታል። ሁሉ አለው፤ ወርቅ አለው፣ ፈረስ አለው፣ ያን እንጨት ግን ከየት ያመጣል? ሰውዬው ዞሮ ሄደ።» አቶ ኦኬሎ ትንፋሽ ወሰደ። «ንጉሡ ተከተለው። ገበያ ድረስ። ሰው ሁሉ እያየ መሬት ቁጭ አለ። «እንጨት የለኝም፤ እኔ አለሁ» አለው። «አንተ ተናገር፤ እኔ አፌን ላንቀሳቅስ።»»

ከዚያ ንግግሩን አቆመ። ጉልበቱን ይዞ መሬት ቁጭ አለ። አገጩን አነሳና ያለ ድምፅ አፉን ከፈተ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ድምፄ ያኔ በቀማኝ ጊዜ የነበረው ድምፅ መሆኑን አላውቅም ነበር። ከአቶ ኦኬሎ ጀርባ ቆምኩ።

«ይሄ» አልኩ፤ አፉ ተከፈተ። «በሂደት ይታያል!» አፉ ተከታተለኝ። ሳቁ እንደ ዝናብ ወረደ። ኦባንግ ጀሪካኑን መታ፤ ያንን የድሮውን ምት። በአኙዋ አዞረው፤ ድምፁ አርጅቷል ግን ቦታውን አልሳተም። እማማ በነጠላቸው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ናፍቆት ሲጠግብ እንዴት እንደሚሆን ያን ጊዜ አየሁ፤ ሰው ሲጠግብ እንደሚያደርገው፣ ትንሽ ያማል።

ሳቁ ሲያባራ ሌላውን አልኩ። ቀስ ብዬ፣ አንድ አንድ ቃል።

«ያን ቀን... ማይኩን... ከሰይድ... የነጠቅሁት... ያለ ጥፋቱ ነው።»

አፉን መዝጋት ይችል ነበር። ማንም አላሰረውም። ኦባንግ ወደ አኙዋ ከማዞሩ በፊት አንገቱን ወደ እኔ መለሰ።

«ሰይዶ፣ አፉን አንቀሳቀሰ?»

«አንቀሳቀሰ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ያኔ አዞረው። ጮክ ብሎ።

ፊልሙ እውነት እንዲህ ያልቅ እንደሆነ አላውቅም። አቶ ኦኬሎ መንገድ ላይ ፈጥሮት ይሆናል፤ እኔም ስንቱን ፈጥሬያለሁ። አልጠየቅሁትም። ሰው ስለ ጉዞ ሲጽፍ ምን እንደተማረ ይጽፋል፤ እኔ የተማርኩት ይህ ነው፦ የነጠቁህን ዕቃ መልሰህ አታገኘውም፤ አንዱ ተቃጥሏል፣ አንዱ ወፍ ያባርራል፣ አንዱ እሁድ እሁድ ይዘምራል። የሚመለሰው ሰውዬው ራሱ ነው፤ እሱም ከመጣ፣ መሬት ከተቀመጠ። ይበቃል። ሲዲውን ለአሪየት መልሼ ልኬላታለሁ፤ ማሽላው ገና አልታጨደም።

ኦባንግ ከዚያ ወዲህ ስንገናኝ ስለ በሩ አይጠይቀኝም። «ደህና ዋልክ ወይ» ይለኛል፣ እንደማንኛውም ሰው።

በሩ የተከፈተው ቅዳሜ፣ ኅዳር ሃያ ሁለት ቀን ነው።